አፍንጫችሁን ማን አስቆጣው? በጅማ የአበባ ብናኝ አለርጂን መለየትና ማስታገስ

ጅማ ላይ የካቲትና መጋቢት ደስ የሚል ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣል ባደረገ በሳምንት በአስር ቀኑ ቡናው ነጭ ለብሶ ያድራል። ከከተማ ወጣ ስትሉ ሽታው ገና ከሩቅ ይቀበላችኋል። እኔ ግን ለዓመታት ያ ሽታ ሲመጣ "ጀመረኝ" ነበር የምለው። ማስነጠሱ አስር አስራ አምስት ጊዜ ነው። ዓይኔ ይቀላል፣ ላንቃዬን ይበላኛል፣ አፍንጫዬ እንደ ውሃ ይወርዳል። ሰው ሲጠይቀኝ "ሳይነስ አለብኝ" እላለሁ። ሦስት ጊዜ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ጨረስኩ። ምንም ለውጥ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር። አሞክሲሲሊን የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፤ የኔ ችግር አለርጂ ነበር።

ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት የሚያስቆጣችሁን ነገር ፈልጉ።

ጉንፋን ነው ወይስ አለርጂ?

ዋናው ምልክት ማሳከክ ነው። አፍንጫ፣ ዓይን፣ ላንቃ፣ አንዳንዴም የጆሮ ውስጥ ይበላል። ንፍጡ ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። ትኩሳት የለውም። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት፣ ቢበዛ በአስር ቀን ይለቃል። አለርጂ ግን የሚያስቆጣችሁ ነገር እስካለ ድረስ ሳምንታት ይቆያል፣ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ወቅት ይመለሳል። ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ካለ ሌላ ነገር ጠርጥሩ።

ውስጥ የሚሆነው ይሄ ነው። የሰውነታችን መከላከያ ምንም የማይጎዳውን ብናኝ እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል። የሚያሳክከውም፣ የሚያስነጥሰውም፣ አፍንጫን የሚያፈሰውም በዋናነት እሱ ነው።

ደብተር ያዙ

ተራ ደብተር ይበቃል። ቀኑን፣ የዋላችሁበትን ቦታ፣ ነፋስ ወይም ዝናብ መኖሩን፣ የተሰማችሁን ጻፉ። በሁለት ሦስት ሳምንት ብዙ ነገር ይታያል፤ ዓመቱን ሙሉ ከያዛችሁ ደግሞ የበለጠ።

የኔ ደብተር ያሳየኝን ልንገራችሁ። የካቲት ላይ ክፉኛ ያስነጠስኩባቸው ቀናት አብዛኞቹ አቧራማ መንገድ በባጃጅ የሄድኩባቸው ናቸው። ከነሱ የባሱት ደግሞ መስከረምና ጥቅምት ውስጥ ሆኑ። ክረምቱ ሲወጣ ሳሩ ያብባላ! አንድ እሁድ ወደ ጅሬን ወጥተን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሳር ላይ ተቀምጠን ስንጫወት ውለናል። የዚያን ማታ የጻፍኩት "ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ" ይላል።

የቡና አበባን ያለ ጥፋቱ ስወቅሰው ኖሬያለሁ። ሽታ ያላቸውና የሚያምሩ አበቦች ብናኝ ብዙውን ጊዜ ከበድና ተለጠፍ ያለ ነው፤ በዋናነት የሚያመላልሱት ንቦች ናቸው። ዋነኞቹ አለርጂ አምጪዎች ብናኛቸውን ለነፋስ የሚሰጡት ናቸው፤ ሳሮች ከፊት ይሰለፋሉ። ኃይለኛ ሽታ ብቻውን አፍንጫን ሊቆጠቁጥ ይችላል፣ ግን እሱ አለርጂ አይደለም። በመንገድ ዳር የሚበቅለው ነጫጭ አበባ ያለው ቅንጨ አረም ግን አፍንጫንም ቆዳንም ያስቆጣል። በባዶ እጅ አትንቀሉት።

ቡና ላይ ለሚሠሩ ደግሞ ሌላ ተጠርጣሪ አለ። ጀንፈል ሲቀሸርና ጆንያ ሲራገፍ የሚነሳው የጥሬ ቡና ብናኝ በራሱ አለርጂና አስም እንደሚያመጣ በደንብ የታወቀ ነው። ሥራ ቦታ የሚብስባችሁ፣ በእረፍት ቀን ግን የሚሻላችሁ ከሆነ ይህን ደብተሩ ላይ አስምሩበት። ለአሠሪያችሁም ንገሩ፤ ማስክና አየር የሚያስወጣ መስኮት የቅንጦት ዕቃ አይደሉም። ክረምት ላይ የሚብስበት ሰው ደግሞ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሻጋታ መኖሩን ይይ።

ብናኙን ከቤት አስወጡ

ነፋሻና ፀሐያማ ቀን ብናኙ ይበዛል፤ ረጋ ያለ ዝናብ ከዘነበ በኋላ አየሩ ቀለል ይላል። ከውጭ ስትገቡ ልብስ ቀይሩ፣ ፊታችሁን ታጠቡ። ፀጉራችሁን ሳትታጠቡ ብትተኙ ብናኙን ትራሱ ላይ ይዛችሁት ታድራላችሁ። በሳር አበባ ወቅት አንሶላና ትራስ ልብስ ውጭ አታስጡ። ባጃጅ ላይ ማስክ አድርጉ፤ ነጠላ አፍ ላይ ጣል ማድረግም ከምንም ይሻላል።

ስለ ቄጤማ ሳልናገር አላልፍም። በዓል ሲሆን እርጥብ ሳር ተጎዝጉዞ፣ ከሰል ተቀጣጥሎ፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ በርና መስኮቱ ይዘጋል። ለአለርጂ ሰው ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። እናቴን ቄጤማ አታንጥፊ ማለት አልችልም፤ እኔም ያለሱ በዓል አይመስለኝም። ያደረግነው ቀላል ነው። ያላበበውን ትመርጣለች፣ ውሃ ትረጭበታለች፣ ማታውኑ ተጠርጎ ይወጣል። ዕጣኑ በረንዳ ላይ ሆነ፣ እኔ ደግሞ መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ።

አፍንጫን በጨው ውሃ ማጠብ

ከሁሉም የረዳኝ ይሄ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍሉ። ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ለዚህ ፈጽሞ አይሆንም፤ በአፍንጫ በኩል አደገኛ ተሐዋስያን ሊገቡ ይችላሉ። ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ፤ አዮዲን የሌለው ከተገኘ አያቃጥልም። ቁንጥር ቤኪንግ ሶዳ ብታክሉ ይለሰልሳል። ሶዳ ነው ያልኩት፣ ቤኪንግ ፓውደር አይደለም።

ከፋርማሲ መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዙ። ገንዳ ላይ አጎንብሱ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን አዘንብሉ፣ አፋችሁን ከፍታችሁ በአፍ ተንፍሱ። ከላይ ባለው ቀዳዳ ቀስ አድርጋችሁ ግፉት፤ ውሃው በሌላው ይወጣል። የመጀመሪያ ቀን ያስደነግጣል። በሦስተኛው ቀን ትለምዱታላችሁ። ሲጨርሱ በቀስታ መናፈጥ፣ ሲሪንጁን በፈላ ውሃ አጥቦ ማድረቅ። የተረፈውን ውሃ በማግስቱ ድፉት።

ዳማከሴውን ጠጡት፣ ፊትም ይታሸበት፤ አፍንጫ ውስጥ ግን አይጨመቅ። የባህር ዛፍ እንፋሎትም የተቆጣ አፍንጫን ሊያብስ ይችላል፣ ልጆችን ደግሞ የፈላው ውሃ ያቃጥላቸዋል።

ከመድኃኒት የቱን?

ለማሳከክና ለማስነጠስ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን አለ፤ ለአዋቂ በቀን አንድ 10 ሚሊ ግራም። ክሎርፌኒራሚን ርካሽ ነው፣ ግን እንቅልፍ ያመጣል። ባጃጅ ወይም ሞተር የምትነዱ ተጠንቀቁ።

አፍንጫው የሚዘጋባችሁ ከሆነ ከክኒን ይልቅ የሚረዳው ቤክሎሜታዞንን ወይም ፍሉቲካሶንን የመሰለ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት ነው። ብዙ ሰው ሁለት ቀን ሞክሮ "አልሠራም" ብሎ ይጥለዋል። ሙሉ ጥቅሙ እስኪታይ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ በየቀኑም መወሰድ አለበት። ስትነፉ አገጫችሁን ዝቅ አድርጉ። ለግራው ቀዳዳ ቀኝ እጃችሁን፣ ለቀኙ ግራ እጃችሁን ተጠቀሙ፤ ያኔ ወደ መሐል ግድግዳው ሳይሆን ወደ ጎን ይረጫል፣ መድማቱም ይቀንሳል። ወቅታችሁን ካወቃችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጀምሩ።

ወዲያው የሚከፍቱት የአፍንጫ ጠብታዎች፣ እንደ ኦክሲሜታዞሊን ያሉት፣ ከሦስት እስከ አምስት ቀን አይለፉ። ካለፈ አፍንጫው ያለሱ አልከፈት ይላል። እርጉዝ፣ የምታጠባ እናትና ሕፃን መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደው

አለርጂ ያለው አፍንጫና አስም ዘመዳሞች ናቸው። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እዚሁ ጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር የተሠራ ነው፤ አስም ከገጠሩ ይልቅ ከተማው ላይ በዝቶ ተገኝቷል። ስለዚህ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሳል፣ ደረት ሲር ሲር ማለት ወይም መጥበብ ከመጣ በራሳችሁ ክኒን አትታገሉ። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ፣ በዚያው ደቂቃ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሌላውን ቀን ቀጠሮ አሲዛችሁ፣ ደብተሩንም ይዛችሁ ግቡ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "መቼ፣ የት ይብስብሃል?" ብሎ ነው።