የአንድን ዕለት የሙዚቃ ታሪክ እንዴት እንጻፍ

«በዛሬዋ ዕለት» የሚል የሙዚቃ ታሪክ ጽሑፍ ወይም የሬዲዮ መሰናዶ ለሚያዘጋጅ ሰው፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ኦገስት 16 ጥሩ መለማመጃ ነው። በዚህ ዕለት በ1938 የብሉዝ ጊታሪስቱ ሮበርት ጆንሰን በሚሲሲፒ፣ ግሪንዉድ አቅራቢያ በ27 ዓመቱ ሞተ፤ በ1958 ዘፋኟ ማዶና ተወለደች፤ በ1962 ድራመሩ ፒት ቤስት ከእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ከቢትልስ ተሰናበተ፤ በ1977 ኤልቪስ ፕሪስሊ በሜምፊስ በ42 ዓመቱ፣ በ2018 ደግሞ የሶል ዘፋኟ አሬታ ፍራንክሊን በዲትሮይት በ76 ዓመቷ አረፉ።

እነዚህን በዓመት ቅደም ተከተል ብቻ ቢደረድሯቸው መዝገብ ይሆናሉ እንጂ ትረካ አይወጣቸውም። ስለዚህ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት ቢያንስ ሁለቱን የሚያስተሳስር እውነተኛ ክር ይፈልጉ። ኤልቪስ ያረፈባት ሜምፊስ አሬታ በ1942 የተወለደችባት ከተማ ናት፤ ይህ ለመግቢያ ያገለግላል፣ ጠለቅ ያለው ዝምድና ግን ያለው በመንፈሳዊው ዜማ ላይ ነው። የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ የሚባለው ኤልቪስ በውድድር ያሸነፋቸው 3 የግራሚ ሽልማቶች ሁሉም የተሰጡት ለጎስፔል (ለመንፈሳዊ መዝሙር) ሥራዎቹ ሲሆን፣ የሰባኪ ልጅ የነበረችው አሬታም በ1972 ሎስ አንጀለስ በሚገኝ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ መዘምራን አጅበዋት በምእመናን ፊት የቀዳችው የጎስፔል አልበም ከአልበሞቿ ሁሉ በብዛት የተሸጠው ነው። እኔ ብሆን በዚህ ዕለት የማሰማው ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ሳይሆን የሁለቱን መዝሙሮች አከታትዬ ነው፤ ድምፆቹ ጎን ለጎን ሲሰሙ ዝምድናው ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባል።

ልደት አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃዋል። ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቀኑን ማጣራት ነው። ፒት ቤስት የተሰናበተው በ16 ቢሆንም በእሱ ቦታ የተተካው ሪንጎ ስታር የቡድኑ አባል ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው በ18 ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን ጠቅልሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በአሜሪካ የተካሄደው የ1969ኙ የዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫልም እንዲሁ ያሳስታል፤ ኦገስት 16 ሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ነበር፣ ነገር ግን በቅዳሜው መርሐ ግብር ተይዞ የነበረው ዘ ሁ የተባለው ቡድን መድረኩን ያገኘው እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰዓቱ የሚናገረውን ቀን እንጂ በመርሐ ግብሩ የታተመውን አይከተሉ። የአገሮች የሰዓት ልዩነትም ሊዘነጋ አይገባም፤ የቢትልሱ ጆን ሌነን በ1980 ኒውዮርክ ውስጥ የተገደለው ዲሴምበር 8 ሌሊት ላይ ሲሆን በእንግሊዝ ግን ቀኑ 9 ሆኖ ነበር። ድርጊቱ በተፈጸመበት ቦታ የነበረውን ቀን ይያዙ።

ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቁበት የሚገባው ግን የሮበርት ጆንሰን አሟሟት ነው። ተመርዞ ሞተ የሚለው ወሬ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ ብዙዎች እንደ ተረጋገጠ ነገር ይጽፉታል። በ1968 የተገኘው የሞት ምስክር ወረቀቱ ግን ቀኑን ይመዘግብና የሞቱ ምክንያት ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ ላይ የሚነበበው «ሐኪም የለም» የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውንና ዕድሜውን በእርግጠኝነት ይጻፉ፤ ስለ መርዙ ሲያነሡ «ተብሎ ይነገራል» የሚለውን አይተዉ።