«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቀላሉን ላስቀድም፦ የሀዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ የፍቅር ታሪክ ብቻ አድርጎ መክደን። ለዚህ የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካም ሳያግዝ አልቀረም፤ ብዙዎቻችን ይዘን የቀረነው የሰብለ ወንጌልንና የአስተማሪዋን የበዛብህን እንባ ነው።

ከባዱ ስህተት የሰብለን አባት ፊታውራሪ መሸሻን ክፉ ሰው ብሎ ማለፍ ነው። ጨካኝ መሆናቸው አይካድም። ልጃቸውን ሳይድሩ ያስቀሯት ግን ጠልተዋት አይደለም፤ አጥንት ሲቆጥሩ የሚመጥናት ስላጡ እንጂ። ዓመቱ ይገፋል፣ ሰብለ ቆማ ትቀራለች። ያንን ክብር ደግሞ ብቻቸውን አልፈጠሩትም። ጎረቤቱም ካህኑም አሽከሩም ይጠብቅላቸዋል፤ ለገበሬ ልጅ ቢድሯት ቀድሞ የሚስቅባቸው እሱው ነው። (ልብ በሉ፦ እኔም ፊታውራሪን «ዘመቱ»፣ በዛብህን «ሸሸ» ነው የምለው። በዚያ ቤት ውስጥ አስተማሪው እኮ በዛብህ ነበር! ግሣችንም አጥንት ይቆጥራል።)

«ያኔ ሕግ አልነበረም» የሚሉም አሉ። ፍትሐ ነገሥት ነበረ፣ ሙግትም የአገሩ ጥበብ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያለውም፣ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ያለውም ይኸው ሕዝብ ነው። ልብ ወለዱ በሁለቱ ተረቶች መካከል ተወጥሯል። ገበሬዎቹ አንገብርም ብለው እምቢ ሲሉ ፊታውራሪ ነገሩን እንደ ክርክር ሳይሆን እንደ ስድብ ቆጠሩት፤ ጦር ይዘው ዘመቱ፣ በገበሬዎቹ መሪ በአበጀ በለው እጅም ተማረኩ። እኔ እንደሚመስለኝ ከጦር ሜዳው ይልቅ የሚከብዳቸው ከገበሬ ጋር ዳኛ ፊት ጎን ለጎን መቆሙ ነበር።

የሥርዓቱን ነውር በአደባባይ የሚናገረውን ጉዱ ካሳን እንደ እብድ ማንበብም አለ። «ጉዱ» ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው፤ ከሰውየው ይልቅ ሰፈሩን የሚያስረዳ ስም።

በመጨረሻ፣ መጽሐፉ የ1966ቱን አብዮት የተነበየ ነው ይባላል። ሀዲስ ዓለማየሁ ግን ጎጃም ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ የጻፉት ያዩትን ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም፣ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው ከሕግ እኩል ጥበቃ እንዳይነፈግ ከደነገገ ዐሥር ዓመት ሆኖት ነበር። በብዙ ገጠር ግን ያኔ «እኩል» ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው እኩል አራሹ ነበር፦ የምርቱን ግማሽ ለባለመሬቱ የሚሰፍረው ጭሰኛ።