ሰባኪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ የቋንቋ ስህተቶች

ሰባኪ የሚያነበውን ምዕራፍ ሌሊቱን ሙሉ ያጠናል፤ የሚናገርበትን አማርኛ ግን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባው ስለሆነ ማጥናት አያስፈልገኝም ይላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ብዙ ዓመት ሰብኬአለሁ። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከራሴ አፍ የወጡ ናቸው፤ ወጣት ሰባክያን እኔ ባለፍሁበት እንዳያልፉ ስለምፈልግ ጻፍኋቸው።

የታወቀ ቃል ሁሉ ገብቷቸዋል ብሎ ማሰብ

ከባድ ቃል ሲገጥመን ቆም ብለን እንፈታለን። አደጋው ያለው ሰው ሁሉ በሚያውቀው ቃል ላይ ነው። አንድ እሑድ በአንዲት የገጠር ከተማ ሮሜ 5 ላይ ሰበክሁ። «በእምነት ከጸደቅን» የሚለውን እየደጋገምሁ፣ መጽደቅ በሥራ የሚገኝ ሳይሆን የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆነ ለአንድ ሰዓት ያህል አስረዳሁ። ሲያበቃ በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ትምህርትህ አንጀት ያርሳል። እኔ ግን እስከ ዛሬ የመጸወትሁት ያጸድቀኝ ይሆን እያልሁ ስቆጥር ነው የዋልሁት።»

ከተናገርሁት የገባቸው ተቃራኒው ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእሳቸው አልነበረም። ጽድቅ በአማርኛ ለድሀ የሚሰጥ ሳንቲም ነው፣ የታመመ መጠየቅ ነው። «ለጽድቅ ባዝላት ተንጠልጥላ ቀረች» የሚለው ተረታችን ጽድቅን የሚያውቀው በጀርባ የሚታዘል ሸክም አድርጎ ነው። ቃሉ ሌላም ኑሮ አለው። አዋጅ ይጸድቃል፣ ችግኝም ይጸድቃል። እኚያው እናት በዚያው ጨዋታችን ላይ «ባለፈው ክረምት ከተከልሁት ጌሾ ግማሹ አልጸደቀም» አሉኝ። እኔ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት አውጥቼ ስናገር፣ እሳቸው ከጓሯቸው ያውቁታል።

ጳውሎስ የተጠቀመበት ቃል የችሎት ቃል ነው። በዘዳግም 25፥1 ዳኞች ንጹሑን ንጹሕ፣ በደለኛውን በደለኛ ብለው እንዲፈርዱ ታዝዘዋል፤ ጳውሎስም የሚናገረው ከዚሁ ከፍርድ ወንበር አጠገብ ቆሞ ነው። ስለዚህ አሁን «መጽደቅ» ከማለቴ በፊት ዳኛው ተከሳሹን «ነጻ ነህ» ብሎ ሲያሰናብተው፣ የችሎቱ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀው እናት እልል ስትል እንዲያዩ አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላ «ጸደቅን» ስል ጆሯቸው ወደ ምጽዋት አይሮጥም።

«ሃይማኖት አያድንም» ማለት

ይህን አባባል ከመድረክ ያልሰማ የወንጌል አማኝ የለም። እኔም ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ግን አልለውም። ለማለት የፈለግነው ግልጽ ነው፤ የአንድ ጉባኤ አባል ሆኖ መመዝገብ በራሱ ሰውን ከእግዚአብሔር ጋር አያስታርቅም። ያልነው ግን ያንን አይደለም።

ሃይማኖት በግእዝ እምነት ማለት ነው፤ አመነ ከሚለው፣ አሜን ከምንልበት፣ ታማኝ ከምንልበት ሥር ጋር ዘመድ ነው። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ጳውሎስ በመጨረሻ ዘመኑ «ሩጫውን ጨርሼአለሁ፥ ሃይማኖትን ጠብቄአለሁ» ይላል። ይሁዳም «ለቅዱሳን አንድ ጊዜ ፈጽሞ ስለ ተሰጠ ሃይማኖት» እንድንጋደል ይመክራል። በሁለቱም ቦታ ግሪኩ ያለው ፒስቲስ ነው፤ በሮሜ 5 «በእምነት» ተብሎ የተተረጎመው ራሱ ቃል። እንግዲህ እምነት ያድናል ካልሁ በኋላ ሃይማኖት አያድንም ብል፣ በአንዱ ቃል ሠርቼ በወንድሙ እያፈረስሁ ነው።

ከቃሉ ፍቺ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ሰሚው ነው። ወንበሩ ላይ አባቱ ዘመኑን ሁሉ የጾመ፣ እናቱ በየሌሊቱ ዳዊት የደገመች ሰው ተቀምጧል። ለእርሱ ሃይማኖት ማለት እነርሱ ናቸው። «አያድንም» ስል ስለ ክርስቶስ የነገርሁት አይመስለውም፤ ወላጆቹን የሰደብሁበት ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ የምናገረውን አይሰማኝም፤ አለመስማቱም ተገቢ ነው። የማኅበር አባልነት ብቻውን አይበቃም ማለት ስፈልግ አሁን ይህንኑ በቀጥታ እላለሁ።

በግሪክ ቃል ማስደንገጥ

«ዱናሚስ የሚለውን የግሪክ ቃል ታውቃላችሁ? ድማሚት ማለት ነው!» ጉባኤው ያጨበጭባል። ዱናሚስ ኃይል፣ ችሎታ ማለት ነው። ድማሚትን አልፍሬድ ኖቤል የሠራውና ስሙንም ከዚህ ቃል ወስዶ ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ1867 ነው። ጳውሎስ በሮሜ 1፥16 ወንጌል የእግዚአብሔር ኃይል ነው ሲል ድንጋይ የሚፈነቅል ፈንጂ ሊያስብ አይችልም። ድማሚት ያፈርሳል፤ ጳውሎስ በዚያ ጥቅስ የሚናገረው ስለሚያድን ኃይል ነው።

ስለ አጋፔም እንደዚሁ ነው። አጋፔ መለኮታዊ ፍቅር ብቻ ነው ይባላል። ነገር ግን ዴማስ «የአሁኑን ዓለም ወዶ» ጳውሎስን ጥሎ ሲሄድ የተጻፈው የዚያው ቃል ግስ ነው። የእግዚአብሔርን ፍቅር ታላቅ ያደረገው የወደደን ማን እንደሆነና ምን እንደከፈለ ነው፤ ይህም ያለ ግሪክ በአማርኛ ይነገራል።

በትርጉሙ አማርኛ ላይ ስብከት መገንባት

የዚህ ተቃራኒም አለ። አንድ ጊዜ «ንስሐ ግቡ» ከሚለው ላይ «መግባት» የሚለውን ይዤ፣ ንስሐ በር አለው፣ ደጃፍ አለው፣ ውጭ የቀሩ አሉ እያልሁ ሰበክሁ። ያማረ ነበር። ግሪኩ ግን አንድ ግስ ብቻ ነው፤ አሳብን መለወጥ፣ መመለስ ማለት ነው። በር የለውም። «መግባት» የአማርኛችን የአነጋገር ልማድ ነው፤ ሥራ እንገባለን፣ ስለት እንገባለን፣ ቃል እንገባለን።

መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ሙሉ ሆኖ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው፤ መሠረቱ አቡ ሩሚ የተባለው ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በካይሮ ተቀምጦ የደከመበት ትርጉም ነው። የእርሱንም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ተርጓሚዎች ድካም የማከብረው፣ እያንዳንዱን ቃል ከየት አምጥተው እዚያ እንዳስቀመጡት በመጠየቅ ነው።

«አካል» እና «ባሕርይ»ን ሳይፈቱ ማለፍ

አባቶች ስለ ሥላሴ በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ ብለው ሲያስተምሩ ቃላቱን መዝነው ነው ያስቀመጡት። የዛሬ ወጣት ግን አካል ሲባል የሚሰማው የአካል ጉዳት ወይም «የሚመለከተው አካል» ነው። ባሕርይ ሲባል ደግሞ «ባሕርዩ አስቸጋሪ ነው» የሚባልለትን ጎረቤት ያስባል። እ.ኤ.አ. በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ አብያተ ክርስቲያናት የተለያዩበትን ጉዳይ በዚህ ጆሮ ከሰማው፣ ክርስቶስ ሁለት ጠባይ አለው ወይስ አንድ የሚል ክርክር ይመስለዋል። ቃላቱን አንጣላቸው፤ ሌላ የተሻለ የለንም። አካል ማለት «እኔ» የሚል፣ «አንተ» የሚባል ማለት እንደሆነ፣ ባሕርይም የአንድ ነገር ምንነቱ እንደሆነ አምስት ደቂቃ ወስዶ ማስረዳት ይበቃል። በአብነት ትምህርት ቤት መምህሩ ንባቡን አስነብቦ «አንድም፣ አንድም» እያለ የሚተረጉመው ለዚህ ነው።

የመዝሙር ቁጥር

አጭር ነገር ነው፤ ግን ሰው ያጣላል። በግእዙ ዳዊት «ተሠሃለኒ እግዚኦ» 50ኛ ነው፤ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 51ኛ። ግእዙ ሰባ ሊቃናት እንደሚባለው ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ስለሚቆጥር ነው። ዳዊት ደጋሚ አባት ባሉበት ስትሰብክ ቁጥሩን ብቻ አትጥራ፤ የመጀመሪያውን ስንኝ አንብብ።

ከፊትና ከኋላ ያለውን ቆርጦ መጥቀስ

ኤርምያስ 29፥11፣ «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ»፣ በየምረቃውና በየሠርጉ ይነበባል። በቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅት ስብከቴን በስልኳ ሰምታ ኖሮ ደወለችልኝ። ከኋላዋ የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ቀስ ብላ ነበር የምትናገረው።

«ፓስተር፣ ቁጥር አሥርን ለምን አላነበቡልንም?»

ቁጥር አሥር ሰባ ዓመት ይላል። ደብዳቤው የተጻፈው ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ በቶሎ አትመለሱም ይላቸዋል። እኔ የሰጠኋት የሚቀጥለውን ወር ተስፋ ነበር፤ እርሷ ግን ምዕራፉን ሙሉ ስላነበበች፣ በሰው አገር ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚጠበቅ ተስፋ እንደሆነ ገብቷታል። እውነተኛው ተስፋ ያ ነበር፤ ለእርሷም የሚሆናት እርሱ ነበር።

የራስን ስህተት በዚያው መድረክ አለማረም

በሐዋርያት ሥራ 18 አጵሎስ ንግግር ዐዋቂ ሰባኪ ነበር። ድንኳን ሰፊዎቹ ጵርስቅላና አቂላ ሰምተው ወደ ራሳቸው ወሰዱት፤ የእግዚአብሔርንም መንገድ «ከፊት ይልቅ በትክክል» ገለጡለት። እርሱም ሰማቸው።

ከዚያች የገጠር ከተማ እሑድ በኋላ ባለው ሳምንት ወደዚያው መድረክ ተመለስሁ። ያለፈው እሑድ ትምህርቴ ግልጽ እንዳልነበረ ተናገርሁና ያንኑ ምዕራፍ ገለጥሁ፤ በዚህ ጊዜ ከችሎቱ ጀመርሁ። ዳኛው «ነጻ ነህ» ያለበት ቦታ ስደርስ እማማ ከሁለተኛው ረድፍ ቀና አሉ። ስናበቃ ደግሞ መጥተው እጄን ያዙ። «ታዲያ ቆጠራውን ልተወው?» አሉኝ።

«ይተዉት እማማ» አልኋቸው። «ምጽዋቱን ግን አይተዉ።»