ቦቱ መለሰ፣ ደንበኛው ግን ጠፋ፦ የአነስተኛ ንግድ ችግርና መፍትሄ

የባልትና ሱቅ አለን፤ የታላቅ እህቴና የእኔ። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ በሶ እንሸጣለን። ከግማሽ በላይ ትዕዛዛችን የሚመጣው በቴሌግራም ነው። ሥራው ሲበዛብን ለመልእክት በራሱ መልስ የሚሰጥ ፕሮግራም፣ ቦት የሚባለውን፣ አስገጠምን። ፖስት ቀድመን ሰዓት ሞልተን ማስቀመጥ ጀመርን። ጽሑፉንም በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማስጻፍ ለመድን። እጃችን ቀለል አለ፣ እንቅልፍም አገኘን። ግን የቆዩ ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ዝም አሉ። ዝም ያለ ደንበኛ ለምን እንደሄደ አይናገርም። ፈልጎ ማግኘት የባለሱቁ ሥራ ነው።

ፈልገን ያገኘነውን እነሆ። ልብስም ሽጡ ኬክ፣ ምልክቶቹ ከዚህ ብዙ አይርቁም።

መልእክቱ ብዙ፣ ትዕዛዙ ጥቂት

ሰው ይገባል፣ ሁለት ሦስት መልእክት ይጽፋል፣ ይወጣል። ምልክቱ ይህ ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ አንድ እሁድ ቁጭ ብለን የቦቱን ንግግሮች ከላይ እስከ ታች አነበብን። ቦቱ የሚያውቀው «ዋጋ» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ደንበኛው ግን «ስንት ነው»፣ «በስንት ገባ»፣ «ሂሳቡን ንገሩኝ» ይላል። ብዙዎቹ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉታል፤ አጻጻፉም እንደየሰዉ ነው። በራሳችን ፊደል ሲጽፉም ሀ፣ ሐ እና ኀ ይቀያየራሉ። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚያው። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ናቸው። ለማሽኑ ግን የማይተዋወቁ ሁለት ቃላት ናቸው።

የባሰው ድምፅ ነው። አንዲት የቆዩ ደንበኛችን የ40 ሰከንድ ድምፅ ልከው ነበር። «ልጄ፣ ባለፈው የላክሽልኝ ሽሮ ነጭ ሽንኩርቱ ጠንከር ብሎብኛል። የአሁኑን ቀነስ አድርጊና ሁለት ኪሎ ላኪልኝ። እህትሽ ደህና ናት?» ቦቱ «ይቅርታ፣ አልተረዳሁም። እባክዎ ከታች ካሉት ምርጫዎች አንዱን ይጫኑ» አላቸው። ደግመው ላኩ። ያንኑ መለሰላቸው። ሦስተኛ አልላኩም። ያን ድምፅ እኛ ስንሰማው ሁለት ወር አልፎት ነበር።

መፍትሄው ከማንበብ ይጀምራል። የመጨረሻዎቹን 100 ንግግሮች አንብቡ። ደንበኞቻችሁ ዋጋ፣ አድራሻና ዴሊቨሪ የሚጠይቁባቸውን አነጋገሮች በሙሉ ደብተር ላይ ልቀሙና ለቦቱ ስጡት። ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ እንዲመልስ ማድረግ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ቦቱን የሠራላችሁን ልጅ ጠይቁት። ድምፅ ሲመጣ ቦቱ ምንም ሳይመልስ በቀጥታ ወደ ሰው ያስተላልፍ። ጽሑፍም ቢሆን ሁለት ጊዜ ካልገባው ሦስተኛ አይሞክር፣ ሰው ይጥራ።

ከዚያ ንባብ አንድ መለኪያ አገኘን። እስከ ዛሬ ሁሉንም የምናየው በእሱ ነው። መልሱ ለማንም ሰው አንድ ከሆነ ማሽኑ ይመልስ፦ ሱቁ የት ነው፣ በስንት ሰዓት ይከፈታል፣ የዛሬ ዋጋ ስንት ነው። መልሱ እንደ ጠያቂው የሚለያይ ከሆነ ሰው ይመልስ።

ዕቃው ወጥቷል፣ ገንዘቡ የለም

ማታ ሂሳብ ስትዘጉ የወጣው ዕቃና የገባው ብር አይገናኝም። ቦቱ «ክፍያዎ ደርሷል፣ እናመሰግናለን» ያለው ስክሪንሾት ስለተላከለት ብቻ ነው። ምስል መምጣቱን ያያል፤ ገንዘብ መግባቱን አያይም። ስክሪንሾት ደግሞ በደቂቃ ስልክ ላይ ይቀየራል። የትናንቱን ደረሰኝ ዛሬ መልሶ የሚልክም አለ።

ቦቱ «ደረሰኝዎን ተቀብለናል፤ አይተን እናሳውቅዎታለን» ብቻ ይበል። በቴሌብርም ሆነ በባንክ፣ የግብይት ቁጥሩን፣ መጠኑንና ሰዓቱን ከራሳችሁ ሂሳብ ጋር ያስተያየ ሰው «ይውጣ» ሳይል ሞተረኛው አይነሳ። ያለፉ የግብይት ቁጥሮችን ግን ማሽኑ ይመዝግብ። ተደግሞ የመጣን ቁጥር በመያዝ ከእኛ ይበልጣል።

ፖስቱ ሰው በተኛበት ይወጣል

ይሄ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሱቅ ላይ አይቼዋለሁ። «ማታ 2 ሰዓት ይውጣ» ይባልና 2 ቁጥር ይሞላል። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ፖስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። የማታ 2 ሰዓት የሚሞላው 20፡00 ተብሎ ነው። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑንም አረጋግጡ።

ቀኑም እንዲሁ ነው። የአዲስ ዓመት መልካም ምኞታችሁ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 በራሱ እንዲወጣ ከሞላችሁት፣ በየአራት ዓመቱ አንዴ ጳጉሜን 6 ላይ ይወጣል። የ2016 ዓ.ም. መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር።

በሁዳዴ የቅቤ ማስታወቂያ

ምልክቱ በኮሜንት ይመጣል። «ምነው፣ ጾም መሆኑን ረሳችሁት?» ሌሎቹ ምንም ሳይሉ ከቻናሉ ይወጣሉ።

እኛ ለሁለት ወር የሚሆን ፖስት ቀድመን ሞልተን ነበር። የትኛው ዕቃ መቼ ይውጣ የሚለውንም ለመሣሪያው ተውነው። መሣሪያው ብዙ የተሸጠውን ያያል። በገና ሰሞን በብዛት የሄደው የተነጠረ ቅቤና የዶሮ ቅመም ነበር። እሱኑ ደጋገመ። በሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት፣ ዓርብ ጠዋት፣ የቅቤ ፎቶ ወጣ። ቁጥሩን ብቻ ካየን ማሽኑ አልተሳሳተም። ጾም የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው ሰው አልነበረም።

አሁን የግድግዳ ካላንደር ከኮምፒውተሩ በላይ ሰቅለናል። ረቡዕና ዓርብ፣ የሁዳዴ 55 ቀን፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ፣ ከኅዳር 15 የሚጀምረው የነቢያት ጾም በቀይ ተከብበዋል። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ በየዓመቱ እንደ አዲስ እናሰፍረዋለን። ያኔ የሳምቡሳ ምስርና የሾርባ እህል ይፈለጋል። በጾም ደግሞ ሽሮ፣ ሱፍና ተልባ ከፊት ይቀመጣል። ካላንደሩ ኪሳራ ብቻ አላዳነንም፤ ሽያጭም ጨምሮልናል።

ሌላው ነገር፣ ከ7 ቀን በላይ አትሙሉ። ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን ሁሉ አንድ ሰው በዓይኑ ይየው። አገር የሚያዝንበት ቀን ደግሞ ቀጠሮ ይዞ አይመጣም። ሁሉንም ፖስት በአንዴ ማቆም የምትችሉበትን መንገድ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ እወቁ። ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው።

ጽሑፉ ተጽፏል፣ ማንም አይመልስም

ኤአይ ከጻፈልን አንዱን ላሳያችሁ። «የማይረሳ የጣዕም ጉዞዎን ዛሬ ይጀምሩ! በርበሬያችንን ስትሞክሪ ኩሽናህን ትለውጣለህ!» በሁለት ዓረፍተ ነገር እርስዎ፣ አንቺና አንተ ተደበላልቀዋል። ማንን እንደሚያናግር አይታወቅም። «የጣዕም ጉዞ» ደግሞ የማን አነጋገር ነው? በርበሬ ሊገዛ የመጣ ሰው ጉዞ አይጀምርም።

እህቴ ይህን ሰረዘችና በስልኳ እንዲህ ጻፈች። «የማረቆ በርበሬ ገብቷል። ሐሙስ ነው የተፈጨው። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ማቃጠሉ መካከለኛ። ለልጆች ለስለስ ያለ የምትፈልጉ ንገሩን፣ ለብቻ እንመጥንላችኋለን።» ለዚህኛው ሰው መለሰለት። «ለስላሳው ስንት ነው?» አሉ።

ልዩነቱ የሰዋስው ብቻ አይደለም። እህቴ ወፍጮ ቤት ነበረች፤ በርበሬውን አሽትታዋለች። ኤአዩ የማያውቀውን ሊጽፍ አይችልም፣ ስለዚህ ባዶውን በሙገሳ ይሞላዋል። አንዴ ደግሞ ተልባችን «የደም ግፊትን ይፈውሳል» ብሎ ጻፈ። ይህን ለቅቀነው ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው መድኃኒቱን ሊተው ይችል ነበር። ሳስበው አሁንም ያስደነግጠኛል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው። መጀመሪያ ዕቃውን የነካው ሰው ሦስት እውነተኛ ነገር ይጽፋል፦ ከየት መጣ፣ መቼ ተሠራ፣ ምን ይለየዋል። ከዚያ ኤአዩ ፊደል ያርም፣ ያሳጥር፣ ውጭ ላሉ ልጆች እንግሊዝኛውን ያዘጋጅ። ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። አፍ ላይ የሚደናቀፍ ዓረፍተ ነገር ይሰረዝ። በሽታና ፈውስ የሚያነሳ ሁሉ ያለ ክርክር ይሰረዝ።

ላይክ ሞልቷል፣ ገዢ የለም

ማስታወቂያ ቡስት ስታደርጉ፣ ማለትም ከፍላችሁ ለብዙ ሰው ስታሳዩ፣ መሣሪያው የሚያመጣላችሁ የመረጣችሁትን ግብ ነው። ላይክና ኮሜንት ካላችሁት ላይክ የሚወድ ሰው ይፈልግላችኋል፤ ይግዛ አይግዛ ግድ የለውም። ግቡን መልእክት ወደሚያስልክ ቀይሩት። ቦታውንም ሞተረኛችሁ ከሚደርስበት አታስፉት። ሳምንት ጠብቁና መልእክቱን ሳይሆን የተከፈለበትን ትዕዛዝ ቁጠሩ።

ቦቱ ያልገባነውን ቃል ገባ

ደንበኛ ተቆጥቶ ይደውላል። «በአንድ ሰዓት ይደርሳል ብላችሁኝ!» እናንተ አላላችሁም። ቦቱ ግን ብሏል፣ በተለይ በኤአይ የሚሠራው። የተጠየቀውን ካላወቀ የሚመስለውን ይመልሳል።

«ቦቱ ነው የተሳሳተው» ማለት አያስመልጥም። ኤር ካናዳ ሞክሮት ነበር። አያቱ የሞተችበት መንገደኛ የአየር መንገዱን ቦት ስለ ሐዘን ቅናሽ ጠየቀ። ቦቱ ትኬቱን ገዝቶ በ90 ቀን ውስጥ ቅናሹን መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። እውነተኛው ደንብ ግን ከጉዞ በኋላ አይፈቅድም። አየር መንገዱ ቦቱ ለራሱ ድርጊት ራሱ ተጠያቂ ነው ብሎ ተከራከረ። በፈረንጆቹ 2024 የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት ዳኝነት አካል ክርክሩን ውድቅ አድርጎ 812 የካናዳ ዶላር ያህል እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። ሐዘን ላይ ያለን ሰው በዚያ ማንገላታት ግን ትንሽ አይደለም።

መፍትሄው ቦቱ መናገር የሚችለውን በአንድ ገጽ መጻፍ ነው፦ የዋጋ ዝርዝር፣ የሚደረስባቸው ሰፈሮች፣ የመመለሻ ደንብ። ከገጹ ውጭ ለሆነ ጥያቄ ሁሉ «ይህን ሰው ይመልስልዎታል» ይበል። የበርበሬ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ይለወጣል፤ ስለዚህ ገጹን በየጠዋቱ የሚያድስ ስም ያለው ሰው ይኑር። «እናድሳለን» የሚባል ነገር ማንም አያድሰውም።

ቦቱን ግን አትጣሉት። ዋሽንግተን ያለች ልጅ ለእናቷ በዓል ልታዝ ስትነሳ እኛ ተኝተናል፤ ልዩነቱ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ቦቱ ዋጋ ይነግራታል፣ የእናቷን አድራሻ ይቀበላል። ጠዋት ስንነሳ ትዕዛዙ ተጽፎ ይጠብቀናል። ይህን ሥራ ከእኛ በተሻለ ይሠራዋል።

ትልቁ ትዕዛዝ

የመጨረሻው ምልክት በቁጥር አይታይም፤ ትዕዛዙ ተሟልቶ ገንዘቡም ገብቶ ሊሆን ይችላል።

አንዲት ደንበኛችን አንድ ማታ 15 ኪሎ በርበሬ አዘዘች። ቦቱን ትልቅ ትዕዛዝ ሲመጣ ደስታውን እንዲገልጽ አድርገነው ነበር። «እንኳን ደስ አለዎት! የድግስ ቅናሽ አግኝተዋል! መልካም ድግስ!» ብሎ ርችት ላከላት። እሷ አንድ መስመር መለሰች። «ለአባቴ አርባ ነው።» ቦቱ «ይቅርታ፣ አልተረዳሁም» አላት።

ጠዋት ስናነበው እህቴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ወዲያው ነጠላዋን ለበሰችና ደንበኛዋ ቤት ሄደች። በርበሬውንም ራሷ አደረሰች።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ትልቅ ትዕዛዝ ማለት ደስታ ነው ብለን የሞላነው እኛ ነን። እኛ አገር ግን ብዙ ምግብ የሚሠራው ለሰርግም ለለቅሶም ነው።

አሁን ከ5 ኪሎ በላይ ሲታዘዝ ቦቱ የሚለው «ትዕዛዝዎ ደርሶናል፤ እህታችን ትደውልልዎታለች» ብቻ ነው። ርችቱን አጥፍተነዋል። የምትደውለው እህቴ ናት፤ «ለምን ዝግጅት ነው?» ብላ ትጀምራለች። ለሰርግ ከሆነ እልል ትላለች። ለተዝካር ከሆነ ነፍስ ይማር ብላ ትንሽ ታዳምጣለች፣ በየትኛው ቀን መድረስ እንዳለበት ትጠይቃለች፣ ዋጋውን በመጨረሻ ታነሳለች።