ጭንቀትን በተፈጥሮ መካከል ማቅለል፦ ለደሴና ለአካባቢዋ ነዋሪ

ደሴ ውስጥ ተራራ ለማየት ቀና ማለት ይበቃል፤ ጦሳ ከበላይ ቆሞ ይታያል። ብዙዎቻችን ግን ከቤት እስከ ሥራ አቀርቅረን እንሄድና ተፈጥሮን ለበዓል ሽርሽር እናስቀምጠዋለን። የዕለት ተዕለት ጭንቀት የሚቀለው በዓመት አንድ ጊዜ በሚደረግ ጉዞ ሳይሆን በቅርብ ቦታ፣ ቶሎ ቶሎ በሚደረግ አጭር ቆይታ ነው።

ቅርብ ቦታ ይምረጡ

በእግርዎ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የሚደርሱበት ቦታ ይፈልጉ። ጽድና ወይራ ያለበት የቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ዛፍ ያለው የመስጊድ ግቢ፣ የጦሳ ግርጌ፣ ካልሆነም በሰፈርዎ ያለ አንድ ዋርካ ይበቃል። ከቤት መውጣት የማይችል ታማሚ ወይም አዛውንት ካለ አልጋውን ዛፍ ወደሚያሳየው መስኮት ያዙሩለት። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል በመስኮታቸው ዛፍ የሚያዩት የጡብ ግድግዳ ከሚያዩት ቀድመው ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ነበር።

ሃያ ደቂቃ ይመድቡ

በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት የከተማ ነዋሪዎችን በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ወደ ተፈጥሮ እንዲወጡ አድርጎ በምራቃቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል ለክቷል። ኮርቲሶል ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። መጠኑ በፍጥነት የቀነሰው ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ በቆዩት ላይ ነበር። ከዚያ በላይ መቆየትም ይጠቅማል፤ ቅነሳው ግን እየዘገየ ይሄዳል። ስለዚህ ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ከምሳ ዕረፍቱ ላይ ይህችን ያህል መቀነስ አያቅተውም። በክረምት ወራት ጧቱን ይምረጡ፤ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታል።

አእምሮዎን ከሥራ ያውጡ

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ያለ እርሱም ሌላው ከንቱ ይሆናል። በዚያው ጥናት የተሳተፉት ሰዎች በቆይታቸው ስልክ መነካካት፣ ማንበብና ወሬ ማውራት ተከልክለው ነበር።

የቦታ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የወሎ ገበሬ ጭንቀት ባላወቀ ነበር። እርሱ ግን ከጧት እስከ ማታ ሜዳ ላይ ውሎም ይጨነቃል፤ የበልጉ ዝናብ ሲዘገይ ሰማዩን የሚያየው በስጋት ነው። ስቴፈንና ሬቸል ካፕላን የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁራን እንዳብራሩት፣ በሥራ ላይ አስገድደን የምንይዘው ትኩረት ይደክማል፤ የሚያርፈውም ዓይናችን ያለ ግዴታ በቅጠል እንቅስቃሴ፣ በደመና ወይም በውኃ ላይ ሲያርፍ ነው። ለገበሬውም ቢሆን ሥራውን አቁሞ፣ ከማሳው ፊቱን መልሶ ዛፍ ጥላ ሥር የሚቀመጥበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

እንዲህ ያድርጉ። ስልክዎን ድምፁን አጥፍተው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። ይቀመጡ፣ ትንፋሽዎን ከሳቡበት ጊዜ በረዘመ ጊዜ ቀስ ብለው ያውጡ፤ ይህንን ጥቂት ጊዜ ይደጋግሙት። ቀጥሎ ከሁሉ የራቀውን ድምፅ ይፈልጉ፣ ከዚያም የቅርቡን። ዓይንዎን ከእግርዎ ሥር ካለው ሣር ወደ ተራራው ጫፍ ቀስ በቀስ ያሻግሩት። የቤት ኪራዩ ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል፤ አይታገሉት፣ ወደ ድምፁ ይመለሱ። መራመድ ከመረጡም በዝግታ ይሁን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል።

ከጎረቤት ጋር መውጣትም መልካም ነው፤ ጨዋታው ግን ከሃያው ደቂቃ በኋላ ይጀመር። ቡና በፔርሙስ ይዞ የሄደ ሰው ያን ጊዜ ይመሰገናል።

ሰፋ ያለ ቀን ሲያገኙ

ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ሐይቅ ከተማን ያገኛሉ፤ ሐይቁ ራሱ ከዚያ ቅርብ ነው። ለኮምቦልቻ ነዋሪ የየጎፍ ደን አጠገቡ ነው። ከሐይቁ ዳር ቁጭ ይበሉ እንጂ ውኃው ውስጥ እየገቡ አይራመዱ፣ ልጆችንም አያስገቡ፤ በአካባቢው ከውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል በሚገባ ትል የሚመጣው የቢልሃርዚያ በሽታ አለ። ነጎድጓድ ከሰሙ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ወደ ማያውቁት ጫካ ከመግባትዎ በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ ሰላሙ ይጠይቁ፣ ብቻዎን አይሂዱ፣ ሳይመሽም ይመለሱ።

ይህ የማይበቃበት ጊዜ

ከላይ የተባለው ሁሉ ለተለመደው የኑሮ ውጥረት ነው። በጦርነቱ ወቅት ያዩት ነገር በሕልም እየመጣ የሚያባንናቸው፣ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስደነግጣቸው፣ ለሳምንታት እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ያጡ ወገኖች በመካከላችን አሉ። ለእነርሱ ጫካ ሕክምናን አይተካም። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄደው ከአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋር እንዲያገናኟቸው ይጠይቁ፤ መሄድ ከፈራ ሰው ጋር ቤተሰብ ወይም ጓደኛ አብሮት ይሂድ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ያለበት ሰው ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይውሰዱት፤ ብቻውንም አይተዉት።