አሮጌ ጌም አዲስ ዊንዶውስ ላይ እምቢ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መጀመሪያ የወጡ ጌሞች ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ላይ አልነሳ ሲሉ፣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ራይት ክሊክ አድርጎ ከኮምፓቲቢሊቲ ዝርዝር ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፒን መምረጥ ነው። አልፎ አልፎ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ትክክለኛውን ምክንያት ስለማይነካው ጊዜ ማባከን ነው። ጌሙ የት ላይ እንደቆመ ማየት ይሻላል፤ ሲጫን? ሲዲ ሲጠይቅ? ስክሪኑ ሲከፈት? ወይስ መጫወት ከጀመራችሁ በኋላ?

ሴትአፑ ጭራሽ አይነሳም፤ "ይህ አፕ እዚህ ኮምፒውተር ላይ አይሠራም" ይላል

ሴትአፑ 16 ቢት ነው ማለት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ የ16 ቢት ፕሮግራም አያስነሳም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በ64 ቢት ብቻ ነው የሚመጣው። የሚያናድደው፣ በዊንዶውስ 95 ዘመን ጌሙ ራሱ 32 ቢት ሆኖ ሴትአፑ ብቻ 16 ቢት የሆነባቸው ብዙ ናቸው። ለእነዚህ ኦቲቪዲኤም የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱ፤ ዚፑን ፍቱና የሴትአፑን ፋይል በማውስ ጎትታችሁ ማስነሻው ላይ ጣሉት።

የዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ስርዓት) ጌም ከሆነ ግን ዶስን የሚያስመስለው ዶስቦክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው የሚያስፈልገው። እዚህም የጌሙን ማስነሻ ፋይል ጎትቶ የዶስቦክስ ምልክት ላይ መጣል ይበቃል፤ ትእዛዝ መጻፍ የግድ አይደለም። ጌሙ ከልክ በላይ ከፈጠነ ኮንትሮልና ኤፍ11ን፣ ከተንቀረፈፈ ኮንትሮልና ኤፍ12ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ማውሱ ከመስኮቱ አልወጣ ካለ ኮንትሮልና ኤፍ10። ድምፅ ከሌለ የጌሙን የድምፅ ማስተካከያ ክፈቱና ሳውንድ ብላስተር 16፣ አድራሻ 220፣ አይአርኪው 7፣ ዲኤምኤ 1 ብላችሁ ሙሉ። ብዙ ጌሞች አይአርኪውን 5 ነው ብለው ይነሳሉ፤ ዶስቦክስ ካልተነካ በ7 ላይ ነው ያለው፤ ድምፁ የሚጠፋው በዚህ አለመግባባት ነው።

ሲዲው ውስጥ እያለ "ሲዲ አስገቡ" ይላል

ሲዲው አልተጫረም። ሴፍዲስክና አንዳንድ የቆዩ የሴኪዩሮም ዓይነቶች (ሁለቱም የሲዲ ቅጂ መከላከያ ናቸው) ሲዲው ኦሪጅናል መሆኑን የሚያጣሩበት መንገድ ዊንዶውስ 10 ላይ አይሠራም። በሴፍዲስክ ድራይቨር ውስጥ የደህንነት ቀዳዳ ስለተገኘበት፣ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 ዝመና ቪስታ፣ 7 እና 8 ላይም ዘግቶታል። ድራይቨሩን መልሶ መክፈት የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አሉ፤ አትከተሏቸው። መጀመሪያ የጌሙን የመጨረሻ ኦፊሴላዊ ፓች (የማስተካከያ ዝመና) ጫኑ፤ አንዳንድ አሳታሚዎች የሲዲ ማጣሪያውን በመጨረሻው ፓች አንስተውታል። ካልሆነ ጂኦጂ በሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ያለ ማጣሪያ የሚሸጠውን ቅጂ ፈልጉ። ካልታወቀ ድረ ገጽ የሚወርድ ክራክ ቫይረስ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ ነው።

ቀለሙ ይዘበራረቃል፣ ወይም ድምፅ እየተሰማ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል

የዚያ ዘመን ጌሞች በ256 ቀለም፣ በአሮጌው የዊንዶውስ የስዕል ዘዴ በዳይሬክትድሮው ነው የሚስሉት፤ የአሁኑ ዊንዶውስ ደግሞ ይህን በቅጡ አይደግፍም። መሃል ገብቶ የሚያስተረጉም ዲጂቩዱ 2 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኤምኤስ ከሚለው ፎልደሩ ውስጥ ኤክስ86 ያለውን ክፈቱና ዲኤልኤል ፋይሎቹን ከጌሙ ማስነሻ ፋይል ጎን ቅዱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው "ኮምፒውተሬ 64 ቢት ነው" ብሎ ከኤክስ64 ፎልደር ሲቀዳ ነው። የሚታየው የጌሙ ቢት ነው፣ የኮምፒውተሩ አይደለም፤ አሮጌዎቹ 32 ቢት ናቸው። ጥግ ላይ የሚቀመጠውን የዲጂቩዱ ምልክት ከማስተካከያው ዳይሬክትኤክስ ገጽ ላይ ማጥፋት ይቻላል።

ሁሉም ነገር እየበረረ ነው

ባለ 144 ኸርትዝ ስክሪን ገዝታችኋል? አንዳንድ ጌሞች እንቅስቃሴን የሚያሰሉት በጊዜ ሳይሆን በፍሬም ብዛት ነው። ስክሪኑን 60 ኸርትዝ ላይ አድርጉና ቪሲንክን (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስማማውን) አብሩ፣ ወይም በግራፊክስ ካርዱ ማስተካከያ ከፍተኛውን ፍሬም 60 ላይ ገድቡ። ጌሙ የራሱ ፍሬም ሊሚተር ካለው አታጥፉት።

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ጌም ውስጥ የውሃዋ አውሮፕላን ጠፋች

ይህኛው የዊንዶውስ 11 የ24ኤች2 ዝመና ያመጣው ነው፤ የሚገርመው ግን ጥፋቱ የዊንዶውስ አለመሆኑ ነው። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዳታ በሚለው ፎልደሩ ውስጥ ቬሂክልስ የሚባል የጽሑፍ ፋይል አለው፤ የየተሽከርካሪው መስመር መጨረሻ ላይ የጎማ መጠን ይጻፋል። ስኪመር የምትባለው አውሮፕላን ቀድሞ በወጣው የጂቲኤ ጌም በቫይስ ሲቲ የተመዘገበችው በጀልባነት ስለነበር የጎማ ቁጥር አላስፈለጋትም። ሳን አንድሪያስ ላይ ወደ አውሮፕላንነት ስትቀየር ቁጥሮቹን መጨመር ተረሳ። ጌሙ መስመሩን ሲያነብ የጎደለውን በቀደመው ተሽከርካሪ ቁጥር ይሞላው ነበር፤ ያ ቁጥር እዚያው የማስታወሻ ቦታ ላይ በዕድል ስለቀረ ብቻ። አዲሱ ዝመና ያንን ቦታ ለሌላ ሥራ ስለሚጽፍበት ጌሙ ትርጉም የሌለው ግዙፍ ቁጥር ያነባል። አውሮፕላኗ አትታይም፤ በሞድ አምጥታችሁ ብትገቡባት ወደ ሰማይ ተወርውራችሁ ትቀራላችሁ።

ሳይለንት ፓች የሚባለውን የጌሙን ስህተቶች የሚያርም ሞድ መጫን ይፈታዋል። በእጅ ለማስተካከል የፈለገ ፋይሉን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ይቅዳው፣ ኖትፓድን በአድሚኒስትሬተርነት ይክፈት፣ በ460 የሚጀምረውን መስመር ፈልጎ መጨረሻው ላይ ኮማ ካስገባ በኋላ እነዚህን ይጨምር፦ -1, 0.7, 0.7, -1

ሴቭ ያደረጋችሁት የለም፣ ወይም ጌሙ ገና ሲነሳ ይዘጋል

ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ የተጫነ አሮጌ ጌም እዚያ እንዲጽፍ ስለማይፈቀድለት፣ ዊንዶውስ ሴቩን በድብቅ ወደ ቨርቹዋልስቶር ፎልደር ያዞረዋል፤ አፕዳታ ውስጥ፣ ሎካል ሥር ፈልጉት። ከመጀመሪያው ሲ ድራይቭ ላይ በራሱ ፎልደር ብትጭኑት ይህ አይመጣም።

የዊንዶውስ ስማችሁን በአማርኛ ፊደል ጽፋችሁ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። አሮጌ ጌሞች ዩኒኮድ (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል የሚይዘውን ስርዓት) አያነቡም፤ አማርኛ ደግሞ ከዩኒኮድ ውጭ በዊንዶውስ የራሱ ኮድ ገጽ (የቆየ የፊደላት ሠንጠረዥ) የለውም። ስለዚህ የዶክመንትስን አድራሻ በጥያቄ ምልክት የተሞላ አድርገው ያዩትና ይዘጋሉ። የሚታየውን ስም መቀየር ፎልደሩን አይቀይረውም፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አዲስ አካውንት ክፈቱ። ኪቦርዱም አማርኛ ላይ ከቀረ ጌሙ ውስጥ የምትጽፉት ኮድ (ቺት) አይሠራም፤ በዊንዶውስ ቁልፍና በስፔስ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት። በጨዋታ መሃል ኦልትና ሺፍት አብረው ሲነኩም ሳታስቡት ሊቀየር ይችላል።