የሐረር የምሽት ፎቶ ለምን ይበላሻል? ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ሲመሽ ካሜራ የያዘ ሰው ቶሎ የሚነካው አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር) ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ እዚያ የለም። ምንም ከመቀየራችሁ በፊት የተበላሸውን ፎቶ በካሜራው ስክሪን ላይ እስከ መጨረሻው አጉሉና ራቅ ያለች አንዲት አምፖል ፈልጉ። ፎቶው በምን እንደተበላሸ የምትናገረው እሷ ናት።

ፎቶው ብዥ ብሏል

ብዥታ አራት ዓይነት ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

አምፖሏ እንደ ትል ከተጣመመች፣ ሌሎቹም መብራቶች ያንኑ ቅርጽ ከያዙ፣ የተንቀሳቀሰው ካሜራው ነው። በእጅ ስታነሱ የሹተሩ (ተከፍቶ ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ፍጥነት ከሌንሱ ቁጥር በታች አይውረድ፦ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ቢያንስ 1/50 ሰከንድ፣ ካሜራው ክሮፕ ሴንሰር (አነስ ያለ የምስል መቀበያ) ከሆነ 1/80። ትራይፖድ ላይ ሆኖም እንዲህ ከመጣ ጣታችሁ ነው የነቀነቀው፤ የ2 ሰከንድ ታይመር ተጠቀሙ፣ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ፣ የትራይፖዱን የመሃል ዘንግ አታውጡ። የጀጎል መንገድ ድንጋይና ቁልቁለት ስለሆነ ሁለቱን እግሮች ወደ ቁልቁለቱ፣ አንዱን ወደ ዳገቱ አድርጉ። መንገዱ ጠባብ በሆነበት ግን ትራይፖድ አላፊ አግዳሚውን ያስቸግራል። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ማሽላ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ አድርጋችሁ፣ አፉን ሰፍታችሁ፣ የአንዱ ቤት ደረጃ ላይ አስቀምጡና ካሜራውን እላዩ ላይ ጫን አድርጉት። ለ2 እና 3 ሰከንድ ፎቶ ከርካሽ ትራይፖድ ይሻላል።

አምፖሏ ክብነቷን ሳትለቅ ከተነፋች ፎከሱ ስቷል። አውቶፎከስ የሚይዘው ብርሃንና ጥላ የሚለያዩበትን ጠርዝ ነው። በኖራ የተለሰነ ባዶ ግድግዳ ላይ ብታነጣጥሩት ወዲያና ወዲህ ሲል ይቆያል። የበሩን እንጨት ጠርዝ በእጅ ባትሪ አብሩለት፤ ሲይዝ ወደ ማንዋል ቀይሩና አትንኩት። ለሩቅ ነገር ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉልታችሁ፣ አምፖሏ እጅግ አንሳ እስክትታይ ቀለበቱን በቀስታ አዙሩ። ሌንሱ ላይ ያለውን የርቀት ምልክት ብቻ አትመኑ፤ ብዙ ሌንሶች ምልክቱን አልፈው ይዞራሉ።

ግድግዳው ጥርት ብሎ ሰዉ ብቻ ከተሳበ ሹተሩ ለሰዉ ዘግይቷል። ለሚራመድ ሰው 1/125፣ ለባጃጅ 1/250 ያስፈልጋል። አይኤስኦ መጨመር ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ 3200 ለዛሬ ካሜራ ከባድ አይደለም። በ400 አንስቶ በኋላ በኮምፒውተር ማብራት ግን የባሰ ኖይዝ (ፎቶውን የሚሞላ ነጠብጣብ) ያመጣል።

መሃሉ ጥሩ ሆኖ ጠርዝ ላይ ያሉት መብራቶች ክንፍ ካወጡ ሌንሱ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ከኤፍ 1.8 ወደ ኤፍ 2.8 ዝጉት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል።

በስልክ የምታነሱ ከሆነና ከየመብራቱ ረጅም ጨረር ከወጣ፣ የሌንሱን መስታወት በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። የጣት ቅባት ነው።

መብራቱ ነጭ፣ ሌላው ሁሉ ጥቁር

ጠባብ መንገድ ላይ አንድ አምፖል ብቻ ሲኖር ልዩነቱ ከሴንሰሩ አቅም በላይ ነው። ቀላሉ ዘዴ አምፖሉን ከግድግዳ ጥግ በስተጀርባ እንዲደበቅ ሁለት እርምጃ መንቀሳቀስ ነው። ካልሆነ በትራይፖድ ሦስት ፎቶ አንሱ፦ በካሜራው የብርሃን ማስተካከያ በ-2፣ በ0 እና በ+2፤ ከዚያ አዋህዷቸው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ሰዓቱን መምረጥ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ምሽቱ ቶሎ ነው የሚጨልመው። ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ከመንገድ መብራት ጋር የሚመጣጠነው ፀሐይ ከጠለቀች ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ፀሐይ 12 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ሐምሌ ላይ 12 ሰዓት ተኩልን ታልፋለች። አስቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

ሌሊቱ ቀን መሰለ

ካሜራው ጨለማውን ስህተት መስሎት አብርቶታል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ -1 ወይም -1.5 አውርዱ።

ሁሉም ነገር ብርቱካናማ ነው

ቢጫው የሶዲየም መብራት ሰማያዊ ብርሃን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀቡት የሐረር ግድግዳዎች ከሥሩ ቀለማቸው ይጠፋል፤ ያልገባን ቀለም ደግሞ ማንም ኤዲተር አይመልሰውም። ዋይት ባላንሱን (የካሜራውን የቀለም ሚዛን) ወደ 2500 ኬልቪን ዝቅ ማድረግ ያለዝበዋል እንጂ አያድነውም። ቀለሙ ዋናው ነገር ከሆነ ነጭ ኤልኢዲ ያለበትን መንገድ ፈልጉ፤ ቅርጹ ከሆነ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። በሮው ፋይል (ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ማንሳት በሁለቱም ይጠቅማል።

የጅቦቹ ዓይን በራ፣ ፎቶው በነጭ ክቦች ተሞላ

ከግንቡ ውጭ ማታ ጅብ ሲመገብ የሚነሱ ፎቶዎች አብዛኞቹ የሚበላሹት በዚህ ነው። የሁለቱም መንስኤ ካሜራው ላይ የተሰካው ፍላሽ ነው። ጅብ ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለው፤ ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን ብርሃኑ በመጣበት ይመለሳል። ነጮቹ ክቦች ደግሞ ጅቦቹ ያስነሱት አቧራ ነው፤ ሌንሱ ፊት ያለውን ብናኝ ፍላሹ መጀመሪያ ያበራዋል።

ፍላሽ የግድ ከሆነ መጋቢውን መጀመሪያ ጠይቁ። ከዚያ ከካሜራው ነቅላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ጎን አርቃችሁ፣ ኃይሉን ወደ 1/16 አውርዱ። ርቀት እጥፍ ሲሆን የፍላሹ ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ ከኋላ ያለው ሁሉ ይጠቁራል፤ አይኤስኦ 1600 እና 1/60 ሰከንድ ብታደርጉ ዙሪያው በመጠኑ ይታያል።

በእኛ እምነት ግን ያለ ፍላሽ የሚነሳው ይበልጣል። የመኪና መብራት ወይም ጠንካራ የእጅ ባትሪ ከጎን ሲመጣ የጅቡ ጠጉርና ነጠብጣብ ይወጣል። በኤፍ 2.8፣ በ1/160 እና በአይኤስኦ 3200 ጀምሩ፤ ከጨለመ 6400። ፎከሱን ጅቡ ላይ አታሯሩጡት፤ ስጋው የተንጠለጠለበት የእንጨቱ ጫፍ ላይ ቀድማችሁ ቆልፉት። ጅቡ ከመንጠቁ በፊት አንገቱን ዘርግቶ ለቅጽበት ይገታል፤ የምትጫኑት ያኔ ነው። የካሜራውን ድምፅና የፎከስ መብራት ማጥፋት አትርሱ።

ፎቶው ላይ አግድም ጥላ ተሰመረ

የኤሌክትሪክ መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ በመብራት ባሸበረቁ ሱቆች ፊት ይህ ይገጥማል። ድምፅ አልባውን ሹተር አጥፉና 1/50 ወይም 1/100 ላይ አድርጉ።

ኮከቦቹ መስመር ሆኑ

ምድር እየዞረች ነው። 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉና ሹተሩን ከዚያ ሰከንድ በላይ አትክፈቱት፤ በ24 ሚሊሜትር 20 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ክሮፕ ሴንሰር ከሆነ ውጤቱን እንደገና ለ1.5 አካፍሉ። መስመሩን ፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ፣ የሰሜን ኮከብ ሐረር ላይ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለሚል፣ ኮከቦቹ በዙሪያው የሚሠሩት ትልቅ ክብ ሙሉ አይወጣም፤ ወደ ሰሜን ተራራ የማይጋርደው ቦታ ምረጡ።

ሌንሱ በጉም ተሸፈነ

በሐረር ብርድ የቀዘቀዘ ካሜራ ድሬዳዋ ወርዶ ሞቃት አየር ሲያገኘው፣ በተለይ በክረምት፣ ያልበዋል። በኤሲ ከቀዘቀዘ ክፍል ሲወጣም እንዲሁ። መጥረግ አይረዳም፤ ወዲያው ይመለሳል። ከመውረዳችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ አጥብቃችሁ እሰሩትና ከደረሳችሁ በኋላ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳትፈቱት ቆዩ። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል። እስኪሞቅ ድረስ ሌንስ አትቀይሩ፤ እርጥበቱ ሴንሰሩ ላይ ካረፈ በጨርቅ አይደረስበትም።